ሁሉም የለበሰው ኮት

«የአሊዪን መስታወት ፈልጌ ነው» ትላለች ሚስቱ መሊካ፣ ገና በሩን ሳታልፍ። የአሊዪ ፎቶ የታተመበት መስታወት ደግሞ እጄ ላይ ነው፤ ሳፋው ውስጥ። ፊቱን አሁን ልጬ መጨረሴ ነው።

በሙቅ ውሃና በሶዳ ነው የምልጠው። ሰው የተቀረጸበት ሽፋን እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ይነሳና ንጹሕ መስታወት ይቀራል። ንጹሕ መስታወት በዚህ በጣሊያን ዘመን ከየት ይመጣል? የካፒቴኑ ሚስት ደግሞ ፎቶዎቼ በመስታወት ተከፍፈው ካልመጡ ብላለች።

ያቺ ሴትዮ የሰርግ ቀሚሴን ተውሳ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ብርሃኑን በአንድ ጉንጯ ብቻ ተቀብላ ተነሳች። ዘንድሮ ሮም ፋሽኑ እንዲህ ነው አሉ። በመጽሔት አምጥታ ለባሌ ለቃሲም አሳየችው። እኛ አገር ሰው ፎቶ የሚነሳው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው፤ እሷ እየሳቀች ተነሳች! ቃሲም በደስታ አበደ። «የድሮዎቹን ላጪያቸው፣ ከእንግዲህ ማን ይፈልጋቸዋል?» አለኝ።

እኔም ላጥኩ። ማን ማን እንደሆኑ እያየሁ ነው የላጥኩት፤ አንጀቴን የሚቆርጠው ይሄ ነው። ፎቶ ቤታችን ያለው ኮት አንድ ስለሆነ የሸዋ ሮቢት ወንድ ሁሉ እሱኑ ለብሶ ነው የተነሳው። አሊዪ ብቻ «ጊሌዬን ካልታጠቅሁማ አልነሳም» ብሎ ጩቤውን ከኮቱ ላይ ታጥቆ ቆመ። መስታወቱን ሳነሳ በጩቤው ለየሁት። የሞተ ሰው ምን ያደርግለታል ብዬ ሶዳውን ጨመርኩበት።

«ፎቶውን ወስዶት አልነበር እንዴ?» እላታለሁ፣ እጄን ከውሃው ሳላወጣ።

«ጣሊያኖች ቤቱን ሲያቃጥሉብን አብሮ ነደደ፣ እትዬ ሐምዲያ።» ያዘለቻትን ልጅ ታወርዳለች። ከአልዩ አምባ ድረስ አዝላት ነው የመጣችው፤ እግሯ በአቧራ ነጭ ሆኗል። «ጫካ ሲገባ ፈሪሃ ሆዴ ውስጥ ነበረች። አባቷን አላየችውም። የሰው ልጆች አባታቸውን ሲጠሩ ትሰማና፣ የኔ አባት ምን ይመስላል እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ጋሼ ቃሲም ያኔ ሲያነሱት፣ ፎቶው ቢጠፋ እንኳ መስታወቱ እኛ ዘንድ መቶ ዓመት ይኖራል ብለውት ነበር። እሱን ቃል አምኜ መጣሁ።»

ካሜራው አጠገብ የቆመው ቃሲም ሳፋውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ጣራውን ያያል። «ይፈለጋል፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ጥሎኝ ገባ! እኔን ከነሳፋዬ ጥሎኝ!

«አለ» እላለሁ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። «እንዲያውም ታትሞ ተቀምጧል።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ መሳቢያውን እከፍታለሁ። የሳልህ ፎቶ አለ፤ የጀውሃው የጨው ነጋዴ። ሊነሳ ሲል ካሚዮን ጡሩምባ ቢነፋ ዞር አለና ፊቱ ተድበስብሶ ቀረ። ይሄ እኔ ነኝ? ብሎ ተቆጥቶ ጥሎት ሄደ። ኮቱ ያው ኮት ነው። ቁመቱም ከአሊዪ ቁመት አይርቅም።

መሊካ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ታየዋለች።

«ጊሌውስ?»

«ኮቱ ሸፍኖት ነው።»

«ወፈር ብሏል።»

«ካሜራ እኮ ያወፍራል።»

«እሱ ነው፣ እትዬ ሐምዲያ?»

«ወላሂ እሱ ነው።»

አስተግፊሩላህ! ለጣሊያን ሴትዮ መስታወት ብዬ በአላህ ስም ማልኩ። በርጩማው ላይ ቁጭ እላለሁ።

መሊካ ተንበርክካ ፎቶውን ለልጇ ትሰጣታለች። «ነይ፣ እይው። አባትሽ ነው።»

ፈሪሃ እንደ ሞላ ሲኒ ተጠንቅቃ ትይዘዋለች። ኮቱን በጣቷ ትነካለች፣ ቁልፎቹን ትነካለች። ከዚያ ሳመችው። የሳልህን ሆድ ሳመች! ሳልህ እኮ በሕይወት አለ፤ ገበያ በዋለ ቁጥር እዚሁ ነው፣ ከነግመሎቹ በደጃችን ያልፋል። አንድ ቀን ይቺ ልጅ አይታው አባቴ ብላ ብትሮጥስ? ምን አድርጌ ነው እኔ? ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

አልቻልኩም። «መሊካ፣ እህቴ፣ ስሚኝ» እላለሁ። «ይሄ ሰውዬ...»

«እትዬ ሐምዲያ።»

ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አላነሳችም። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሷል።

«በአላህ፣ ዝም ይበሉ። ልጄ ትሰማለች።»

ፈሪሃ እኛን አትሰማም። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የቀሚሷን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ የተድበሰበሰውን ፊት ቀስ አድርጋ ትወለውላለች፤ እስኪጠራላት።