በሰው እጅ የሚጎርሰው እንግዳ

ደርግ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወርደው አውቶቡስ ደባርቅ ላይ ለምሳ የሚቆመው ታየች ቤት ነበር። ታየች ሕፃን ልጇን አዝላ ወጥ ታወጣለች፣ እንጀራ ታቀርባለች፣ በዚያው መንገደኛውን በዓይኗ ትመዝናለች።

ልጅቱ ስም የላትም። ሰፈሩ ሁሉ ሚጣ ይላታል። ስም የሚያወጣው አባቷ ነው፤ አባቷ ውዱ ደግሞ እህል ደብቀሃል ተብሎ ጎንደር ታስሯል። ሴት ልጅ መወለዷን እንኳ አልሰማም። ታየች ስንቅ ቋጥራ ሁለት ጊዜ ሄዳ ነበር። ሁለት ጊዜም በር ላይ እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም ብለው መለሷት። በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም።

በዚያ ሰሞን ደባርቅ ላይ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። የእስረኛውን ጉዳይ የሚያይ ትልቅ መርማሪ ተራ መንገደኛ መስሎ በአስመራ በኩል እየመጣ ነው፤ በአንድ ቃል የሚያስፈታ ሰው ነው፤ ይባላል።

አውቶቡሱ ቆመ። መንገደኛው ገባ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው ገቡ። አንደኛው ሱፍ የለበሰ፣ ሸበቶ፣ ድምፁ የሚከብድ ሰው ነው። ጫማው ውድ ነው፤ ክር ግን የለውም። ሁለተኛው ዝምተኛ ወጣት ነው።

«ምነው፣ አንድ ጋቢ ለሁለት?» አለች ወርቅውሃ የምትባል የቅቤ ነጋዴ ካጠገባቸው ሆና። «አስመራ ጋቢ ጠፋ?»

«ምፅዋ የከረመ ሰው ደባርቅ ሲደርስ ለሦስት ተከናንቦም አይሞቀው» አለ ሸበቶው። ቤቱ ሳቀ።

ታየች የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። ወጣቱ ቀኝ እጁን ብቻ ዘረጋ። ሸበቶው ከጋቢው ሳይወጣ፣ «የእኔን ተዪው እመቤት። አስማረ ያጎርሰኛል» አለ።

እውነቱን ነበር። የፍየሉ ጥብስ ሲቀርብ ሸበቶው ትሪውን አልነካም። አስማረ የተባለው ወጣት አንዱን ለእሱ ይጠቀልላል፣ አንዱን ለራሱ። ሲያጎርሰውም፣ «እንካ ጋሼ» ይለዋል፣ በትሕትና።

«እኔንስ ማን ባጎረሰኝ!» አለች ወርቅውሃ። «ባሌ እንኳ ያጎረሰኝ ለሠርጋችን ነው፣ እሱም ጣቴን ነክሰሽኛል ብሎ ተወው።»

ታየች አልሳቀችም። በሰው እጅ የሚበላ ሰው አይታ አታውቅም። የድሮ መኳንንት እንዲህ ይበሉ እንደነበር ሰምታለች። የሚወራለት መርማሪ ይሄ ይሆን እንዴ? አለች በልቧ።

«ምግቡ እንዴት ነው ጌታዬ?»

«ሸጋ ነው። ምፅዋ ከወደቡ ጀርባ የመናውያን ዓሣ በእቶን ይጠብሳሉ፤ እሱን የሚያህል የለም። አስመራ ፓስታ ነው። እንዳሥላሴ አትብዪ፣ ሽሮው ውኃ ነው። አዲ አርቃይ ሙቀቱ ራሱ አያስበላም። ከዚያ ወዲህ ግን ያንቺ ነው አንደኛ።»

«መንገዱን ሁሉ እየቀመሱ ነዋ የመጡት!»

«የት እንደምንበላ የምመርጠው እኔ ነኝ። ሌላውን ሁሉ የሚመርጠው አስማረ ነው።»

አስማረ አቀርቅሮ ጥብሱን ጠቀለለ።

ታየች አንድ እንጀራ ጨመረች። ስብ ስቡን ሥጋ መርጣ አወጣችላቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ጎንደር እስር ቤት ይገባሉ?»

ሸበቶው ማላመጡን ተወ። አስማረን አየው። አስማረ በሩን አየ።

«እገባለሁ» አለ ሸበቶው።

«ባሌ እዚያ ነው። ውዱ ዓለምነው ይባላል። ካለ... ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች ይበሉልኝ። ስሟን ያውጣላት።»

«ካለ አገኘዋለሁ።»

«ያስፈቱልኛል?»

«ማስፈታቱን እኔ ቃል አልሰጥሽም። ማግኘቱን ግን አትጠራጠሪ።»

ቀጥተኛ ሰው ነው አለች በልቧ። ውሸታም ባለሥልጣን ቢሆን ነገ ይፈታል ይለኝ ነበር።

«ሲመለሱ እዚሁ ይብሉ። ዶሮ አርጄ እጠብቅዎታለሁ።»

«እኔ እዚያው እሰነብታለሁ። አስማረ ግን ቶሎ ይመለሳል።» ዞር ብሎ አየው። «ስሙን ታመጣላታለህ?»

አስማረ የያዘው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። «አመጣለሁ» አለ በቀስታ። በዚያ ቤት ለእሷ የተናገረው ይኼንኑ ብቻ ነው።

ሾፌሩ አያ ክንዱ ጥሩምባ ነፋ። ሁለቱ እንደገቡት በአንድ ጋቢ ወጡ።

ታየች ትሪውን እንኳ አላነሳችም። ወደ ጓዳ ሮጣ እስር ቤቱ በር ላይ የመለሱባትን የድርቆሽ ቋጠሮ አወጣችና ሚጣን እንዳዘለች ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ወርቅውሃ ከበሩ ሆና፣ «ቀስ! ልጅቱን ትጥያታለሽ!» ትላለች።

ሸበቶው በመስኮቱ በኩል ነበር የተቀመጠው። ታየች ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ለውዱ ነው፣ ጌታዬ። በእጅዎ ይስጡልኝ።»

ሸበቶው ግራ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ አጠፈው። የሰው ሚስት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ የሰጠችው ስንቅ በግራ እጅ አይወሰድም።

ቀኝ እጁን በመስኮቱ አወጣ፤ የአስማረም ግራ እጅ በካቴናው ተጎትቶ አብሮ ወጣ።