የጎረቤት ቅልጥም

ቅልጥሙን በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። አልሰበር አለኝ። ደገምኩት፤ ተሰነጠቀ። መቅኔው ታየ፣ እንደ ቅቤ ነጭ።

«ቀስ በይ እንጂ ዘሃራ!» አለች ሮማነወርቅ ከአጥሩ ማዶ። «በሬው አንዴ ሞቷል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

ቀነሰች። ጎረቤቴ ናት፣ ክርስቲያን ናት፤ ቅልጥሙም የሷ ነው። ከትናንት በስቲያ ለፋሲካ በቅርጫ ያረዱት በሬ፣ ከጾሙ በፊት ገዝተው ያሰሩት። አሁን አዳማ ውስጥ የሚታረድ የለም። በሽታ ገባ ተብሎ ከአርሲ በኩል አዋሽን የሚሻገር ከብትም ፍየልም ጠፋ። የኛው አራጅ ደሊል ቢላውን ይዞ ወደ መቂ ወርዷል፤ ይኸው አምስት ቀኑ።

«አንቺስ የኛን መረቅ ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«የናንተን? ሞቼ ነዋ!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «እኔ ግን አልታመምኩም።»

ድስቱን ጣድኩ። ከባቡር ጣቢያው የቀዳሁት ውሃ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። ከጠዋት እስከ ቀትር ፈላ። አረፋውን ገፈፍኩ። እንጨት ጨመርኩ። እንደገና አረፋውን ገፈፍኩ። ጭልፋውን አንስቼ አሸተትኩት፣ መለስኩት።

ውስጥ እህቴ ቶይባ ተኝታለች። ከወለደች አስራ ሁለት ቀኗ። ዶሮዋን በሦስተኛው ቀን አረድንላት፤ ፍየሏን በሰባተኛው፣ ልጁን አብዱናሲር ብለን ስም ስናወጣ። ከዚያ ትኩሳት ያዛት። ገንፎ አልወርድላት አለ። ጡቷ ደረቀ። ከከረዩ የመጣ የግመል ወተት በጨርቅ ጠብ አደረግንለት፤ የልጁ ሆድ አልያዘውም። አባቱ ኑሬ ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ ነው፣ ወሬውም የለ።

አዋላጇ አደ ቀመሪያ ጠዋት መጥተው ልጁን አነሱት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ መልሰው አስተኙት።

«መረቅ ካልጠጣች ወተት የለም» አሉኝ በር ላይ። «ወተት ከሌለ...» ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

መረቁን በቆርቆሮ ኩባያ አጠለልኩ። ገባሁ።

«ሸተተኝ» አለች ቶይባ። «ደሊል መጣ?»

«መጣ።»

«ምን አረደ?»

«በሬ። ጠጪ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ፈገግ አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «እማዬ ወሎ እያለን ምን ትል ነበር? ‹ለዘሃራ ድስት አትስጧት፤ ስትቀምስ ትጨርሰዋለች።›»

«ወሬ አታብዢ። ይቀዘቅዛል።»

ጭንቅላቷን በክንዴ ደገፍኩ። ኩባያውን መያዝ አልቻለችም፤ እኔ ያዝኩላት። አንድ ጉንጭ ዋጠች። በጉሮሮዋ ሲወርድ አየሁት። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ አቆየችው።

ፊቴን አየች። ያቆየችውን መሬት ላይ ተፋችው።

«ጨው የለውም።»

«ረሳሁት።»

«አንቺ ጨው ረሳሽ?»

ኩባያውን መሬት አስቀመጥኩ።

«አልቀመስሽውም» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ሠርተሽ አንዴ አልቀመስሽውም። ማን ነው ያረደው?»

«ለበሽተኛ ይፈቀዳል።»

«ማን አለ?»

«ሼህ ሽኩር።»

«ጠየቅሻቸው?»

«አልጠየቅኩም! አሁን ልሂድ? እሳቸው ሰግደው፣ ኪታብ ገልጠው፣ እስኪመልሱልኝ ልጁ...» አልጨረስኩትም።

«ከተፈቀደ ለምን ዋሸሽኝ?» ድምጿ ቀስ ያለ ነው። «ከተፈቀደ ለምን አንቺ ፈራሽው?»

ተነሳሁ። አሞሌውን ከጓዳ አመጣሁ። በቢላ ጫፍ ፈቅፍቄ ኩባያው ውስጥ ጨመርኩ፣ በጣቴ አማሰልኩት። ፊቷ ቆምኩ። ቢስሚላህ ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። ሳልል ጠጣሁ። ቶሎ ስላነሳሁት ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

«ይኸው» አልኩ። «ዋጥኩት። ምን ሆንኩ?»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።» እውነቴን ነው። የእማዬን ይመስላል።

«አላህ ይቅር ይበልሽ» አለች። የምሯን ነው፤ ቁጣ የለበትም። አጠገቧ ተቀምጬ ኩባያውን ሳስጠጋላት ከንፈሯን ገጠመች። መለመን አላውቅበትም። ለመንኳት። ከዚያ ተቆጣሁ። ከንፈሯ እንደተገጠመ ነው።

ልጁ ነቃ። ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን አይወጣም፣ አፉ ብቻ ይከፈታል። ቶይባ ልታነሳው ሁለቴ ሞከረች። በሦስተኛው ጎትታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያ አንቺ አጥቢው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ ወልጄ አላውቅም። ልጁ ይህን አያውቅም። በአፍንጫው ፈለገ፣ ደረቴ ላይ መረቁ የፈሰሰበትን አገኘ፣ ቀሚሴን በድዱ ያዘና ጨርቁን መጥባት ጀመረ።