የድንኳኑ ምሰሶ

መሬት መንቀጥቀጥ ከጀመረ አምስተኛ ቀኑ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ሲያድር፣ ወይዘሮ ዘርትሁን ብቻ ከተሰነጠቀው ቤታቸው አልወጣም ብለዋል። ልጃቸው በላቸው ለምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አልቅሶም አልሆነለትም።

«አባትህ የሠራውን ቤት ትቼ ሸራ ሥር አልተኛም» ነበር መልሳቸው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ በራቸው ላይ ቆሞ ተጣራ።

«እማዬ፣ ነፋሱ የድንኳኑን ምሰሶ ሰበረው። ልጆቼ ፀሐይ ላይ ናቸው። የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።»

እያጉረመረሙ ተከትለውት ወደ ሜዳው ወጡ። በሲባጎ ሊያስረው ሲል አይተው ተቆጡ።

«ይሄ ሊያጸናው ነው? የዶማ እጀታ ደግፍበትና በከመነዳሪ ላስቲክ ጠምጥመው!»

ስብራቱን ገጥመው በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙለት። እሱ ላስቲኩን ቀስ እያለ ይጠመጥማል፤ ዓይኑ ግን ከቤቱ አይነቀልም።

«ፍጠን እንጂ! ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

አስሮ ሲጨርስ «በል፣ ልግባ» ብለው ዞሩ። እጃቸውን ለቀም አደረገ።

«እባክሽ እማዬ፣ ከላይም ላጥብቀው። አንዴ ብቻ።»

ተነጫንጨው እንደገና ያዙ። ያኔ መሬቱ ከሥራቸው አጓራ። ልጆቹ ጮኹ። የቤቱ ጣሪያ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ግድግዳዎቹም ተከትለውት ተናዱ።

አቧራው ሲሳሳ ወይዘሮ ዘርትሁን ምሰሶውን እንዳቀፉ ፍርስራሹን ያዩ ነበር።

«ይህን ነፋስ የላከ አምላክ ስሙ ይመስገን» አሉ።

«አሜን» አለ በላቸው፣ ጠዋት ምሰሶውን ገዝግዞ የሰበረበትን መጋዝ በእግሩ ከሸራው ሥር እየገፋ።