ጥቁሩ ፍሬም

ከጅማ መንገድ በኩል የሚቃጠል ጎማ ሽታ ሲመጣ ኦቦ ቱሉ የብስክሌት ሱቃቸውን መዝጊያ ገርበብ አደረጉት። “ቤኑ፣ በል እንጂ ልጄ፣ ቶሎ ምረጥ፤ ልዘጋ ነው” አሉ። አብዱልከሪም የብስክሌቱ ፍሬም ብየዳው ላይ ተሰንጥቆበት፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ የሚይዝ ምትክ ፈልጎ ነበር የመጣው። እንዲህ ያሉ ሁለት ፍሬሞች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ቀዩ ለቁመቱ አጠረበት። ጥቁሩን አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ቀለሙ ገና ትኩስ ሽታ አለው። ብየዳውን በጥፍሩ ፈተሸ፣ የኋላ መታጠፊያውን ወዘወዘው፤ ንቅንቅ አላለም። “ይሄ ነው የኔ!” አለ ደስ ብሎት። “ኢንሻአላህ ወንዳፍራሽ ከተጂ ሲመለስ ያንን አረንጓዴ ብስክሌቱን ይንቀዋል።” ጓደኛው ከትናንት ወዲያ በጅማ መንገድ ወደ ተጂ ከተማ በብስክሌቱ እንደሄደ ስልኩ አልሠራ ብሏል። ኔትወርክ ስለተዘጋ ነው ሲል ነበር አብዱልከሪም፣ ለጠየቀው ሁሉ።

ጣቱ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የፍሬሙ ቱቦ ላይ አረፈ። ሰንሰለት እንዳይልጠው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ተጠምጥሞበት ጫፉ በቢጫ የመብራት ሽቦ ታስሯል። ሽቦውን አወቀው። በፒንሳ ጠምዝዞ ያሰረው እሱ ራሱ ነበር፣ ወንዳፍራሽ ብስክሌቱን ደግፎለት እየሳቀ። የከመነዳሪውን ጠርዝ ቀስ ብሎ ገለጥ አደረገው። የቀባው ሰው ሳይፈታው ዙሪያውን ነበር የቀባው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነው።

“ኦቦ… የዚህ ባለቤትስ?”

ኦቦ ቱሉ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ባለቤት የለውም ብለውኛል፣ ያመጡት ሰዎች” አሉ።