ለስላሳው ጭድ

«ጥንቸል የዳሰሰ እጅ ጽዋችንን አይነካም» ብለው ጥንቸል አርቢዋን የኔዓለምን ከጽዋ ማኅበሩ ያስወጧት አቶ ዋለ፣ ያን ዕለት በቤቷ የጓሮ በር ገብተው ከፊቷ ቆሙ። ልጃቸው ከጅዳ ተመልሳ ጠጉራቸው የረዘመ ጥንቸሎች ገዝታ አምጥታባቸው ነበር።

«ለዚህ ለመካነ ሰላም ብርድ ከሥራቸው ምን ይነጠፍላቸው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እጇ ወደ ገብሱ ገለባ ሄደ፤ ሹል እሾሁ ጠጉራቸውን ተብትቦ ቆዳቸውን ሲወጋ ታያት። እንስሳቱ ግን ምን በደሉ? ለስላሳውን የጤፍ ጭድ በጆንያ ሞልታ አሸከመቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ ጓሮው ዞሩ።

ቀድማቸው የጓሮውን በር ቆለፈችው።

«በፊት ለፊቱ ይውጡ፣ ጋሼ። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ እየተመለሱ ነው። ለጥንቸል መሆኑን ይንገሯቸው፤ ተራ በተራ ያግዙዎታል።»