ልብስ አጣቢው

የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ መሸሻ የውስጥ ቀሚሴን ገመድ ላይ እያሰጣ ነው። ሁለት የልብስ መቆንጠጫ በጥርሱ ይዟል።

«እማዬ! ክፈቺ፣ እኔ ነኝ!»

የልጄ የናዝራዊት ድምፅ ነው። ኮሮና ከገባ ወዲህ አንድ ቀን መጥታ አታውቅም። ጦር ኃይሎች ካለው ቤቷ በየቀኑ እየደወለች «ሰው ቤትሽ እንዳይገባ፤ ስኳር አለብሽ፤ አንቺን ከያዘሽ እኔ ምን እሆናለሁ?» ትለኛለች። እኔም በየቀኑ «ማን ይገባል ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ» እላታለሁ። አንድ ቀን መሸሻ ሽንኩርት እየከተፈ ሲያፏጭ ሰምታ ምንድነው ብትለኝ፣ ሬዲዮ ነው አልኳት።

ግባ፣ ወደ ውስጥ ግባ ብዬ በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ። አልገባውም። በሩ ደግሞ አልተቀረቀረም፤ ናዝራዊት በክርኗ ገፋ አድርጋ ትከፍተዋለች።

«አትጠጊኝ! እዛው ቁሚ፣ እዛው!»

ያመጣችልኝን ዘይትና ዱቄት ደፉ ላይ ታስቀምጣለች። ቀና ስትል ታየዋለች። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የእናቷን የውስጥ ልብስ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ሰውዬው ማነው?»

እውነቱ አጭር ነው። መሸሻ አስኮ መንገድ ላይ ጃንጥላ ይጠግን ነበር። የተዋወቅነው በማታው የጎልማሶች ትምህርት፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው። ትምህርቱ ሲዘጋ «የተማርነውን እንዳንረሳው» ብሎ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መጣ። አንድ ቀን ዝናብ አሳደረው፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። የተከራየውን ክፍል ባለፈው ወር ለቅቆ ቁልፉን መለሰ። ሽማግሌ ልላክ ብሎኝም ነበር። «ወደ ማን? እናት አባቴ የሉ» ስለው «ወደ ልጅሽ ነዋ» አለኝ። በሳቅ ፈረስኩ። ኮሮናው ይለፍና አልኩት። ሳቄ ግን እፍረት ነበር። ልጄ ገና አላገባችም። የእሷ ሽማግሌ ሳይመጣ የእኔ ሊመጣ!

«ልብስ አጣቢ ነው» እላለሁ።

መሸሻ መቆንጠጫዎቹን ከአፉ ያወጣል።

«ወንድ? ልብስ አጣቢ?»

«ምን ያድርግ፣ ሥራ ጠፍቶበት። በየቤቱ እየዞረ ያጥባል። እኔም ወገቤን ሲያመኝ ጊዜ…»

«በየቤቱ?» ትጮኻለች። «እማዬ፣ በየቤቱ የሚዞር ሰው ነው ያስገባሽው? በዚህ ጊዜ?»

ውሸቱን ያሳመርኩ መስሎኝ የባሰውን አመጣሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ከዚህ ግቢ ለዳቦና ያን ቁልፍ ለመመለስ ካልሆነ በስተቀር ወጥቶ የማያውቀውን ሰው በሽታ አደረግኩት።

ናዝራዊት ክፉ አይደለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ እሱ ትዞራለች። «አባባ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎም ትልቅ ሰው ነዎት፣ ቤትዎ ቢቀመጡ ይሻላል። ልጆች የሉዎትም?»

«የሉኝም፣ ልጄ።»

«ማስክ እንኳን አላደረጉም እኮ!»

ከቦርሳዋ አንድ ማስክና ሁለት ሳሙና አውጥታ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለትና ራቅ ትላለች። እኔ እሱ እንዲናገር እጠብቃለሁ። ይናገርና ይገላግለኝ። እሱ ግን የሱሪውን እግር ቀስ ብሎ ያወርዳል። ማስኩን ያደርጋል። ሳሙናውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ ይላል። «እግዜር ያክብርሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል።

«እትዬ፣ የቀረውን ነገ መጥቼ ልጨርስልዎት?»

ቤት ውስጥ ወርቅዬ ነው የሚለኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ እፈልጋለሁ፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። የለም። መልሱን ለእኔ ትቶልኛል።

«ነገ እንኳን… እንጃ» እላለሁ። «እደውልልሃለሁ።»

የእሱ ስልክ መኝታ ቤት፣ ትራሳችን አጠገብ ቻርጅ ላይ ነው።

መሸሻ በነጠላ ጫማው ይወጣል። ናዝራዊት እንዲያልፍ መንገድ ትለቅለትና የነካውን መቀርቀሪያ በአልኮል ትረጨዋለች። «እጅሽን ታጠቢ። ያጠበውን ልብስ በሙሉ በፈላ ውሃ ዘፍዝፊው። እሺ?»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«እምልልሻለሁ» እላለሁ።

መሸሻ የመንገዱ ጥግ ላይ ይደርሳል። በቀኝ በኩል ወደ አስኮ ነው፣ በግራ ወደ ታክሲው። ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ይመለሳል። ወደ ግራም አይሄድም። በመጨረሻ የተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ፣ ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳሙናውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል። እንዳናየው ብሎ ነው ጀርባውን የሰጠን። የሚሄድበት እንደሌለው እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

«ለምን አይሄድም?» ትላለች ናዝራዊት።

ዘይቱን ከደፉ ላይ አነሳለሁ።

«እማዬ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

ሌላ ውሸት አፌ ድረስ መጥቷል። ወገቡ ደክሞት ነው ልላት እችላለሁ። ታምነኛለች፤ ምንም ብላት ታምነኛለች።

«እኔን» እላለሁ።

የቀለድኩ መስሏት ልትስቅ ትጀምራለች። ፊቴን ታያለች። ከዚያ ዞር ብላ እሱን ታየዋለች፣ ለረጅም ጊዜ። እኔም አየዋለሁ። ፀጉር አስተካካይ ዘንድ መግባት ፈርተን ትናንት በጨርቅ መቀሴ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ከኋላው አንዱ ጎን ከፍ ብሎ፣ አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ከዚህ ድረስ ይታያል።