ዋና የማይችል ሰው

ትርሲትና ባሏ ግዛቸው የጋብቻቸውን በዓል ለማክበር ካሪቢያን ድረስ ሄደው፣ በአንዲት ደሴት ከአስጎብኚ ጋር የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ወጡ። ጫካውን አቆራርጠው ፏፏቴው ሥር ካለው ጥልቅ ኩሬ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ሊዋኝ ልብሱን አወለቀ።

"እኔ እንኳ ዋና አልችልም" አለ ግዛቸው ለአስጎብኚው በእንግሊዝኛ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ። ትርሲትም አጠገቡ ቀረች፤ ታናሽ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ውኃ አትደፍርም።

ጥቂት ቆይቶ አንዲትን ጎብኚ ፏፏቴው ደፈቃት። አስጎብኚው ከወዲያኛው ዳር ነበር። ግዛቸው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተወርውሮ ገባ፤ እንደ ዓሣ ጠለቀና ሴትዮዋን በብብቷ ይዞ ወጣ። ሁሉም አጨበጨቡለት።

"እንዲህ እየዋኘህ ነው አልችልም ያልከው?" ሲል አስጎብኚው ሳቀ።

ትርሲት ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ ወደ ባሏ ቀረበች።

"ላንጋኖ ላይ ወንድሜ ስምህን እየጠራ ሲሰምጥ፣ ዋና አልችልም ብለህ አይደለም እንዴ ዳር ቆመህ ያለቀስከው?"

ግዛቸው ቀና ብሎ አላያትም። የሸሚዙን እጅጌ እየጨመቀ፣ "አሁን ተይው፣ ሰው ይሰማናል" አላት።

በዙሪያቸው አማርኛ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።